መንደራችን ግራና ቀኝ የቆመበት ቀን

ወንድም ጋሼ ያን ቀን ከወረዳ ሲመለስ መልኩ ተለዋውጦ ነበር። ሰው የሞተ መስሎኝ በከንፈሬ የያዝኳቸውን ሚስማሮች መዳፌ ላይ ተፍቼ ብድግ አልኩ። ሁለታችንም አናጢዎች ነን፤ በአንድ ቆርቆሮ ጣራ ሥር በርና መስኮት እንሠራለን። ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ታላቄም አሳዳጊዬም ነው።

«ምን ሆንክ ወንድም ጋሼ?»

«አሰናበቱኝ» አለና እንጨት ክምሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ከምን?»

«እንጃ፣ እኔም በደንብ አልገባኝም። ከልመና መሰለኝ።»

ነገሩ ምን ያህል እንዳስደነገጠው ለመረዳት የሰውየውን ኑሮ ማወቅ ያስፈልጋል። የመንደራችን ወንዝ በበጋ ወንዝ ተብሎ ለመጠራት እንኳ የሚያሳፍር ነው፤ ልጆች ቁርጭምጭሚታቸውን እያራሱ ይሻገሩታል። ክረምት ሲገባ ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ ይዞ ይሄዳል። የወንድም ጋሼ አንዲት ልጅ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው የተዳረችው። ክረምት በመጣ ቁጥር አባትና ልጅ ወዲህና ወዲያ ቆመው በጩኸት ነው የሚጠያየቁት።

«ልጆቹ ደህና ናቸው?» ይላል እሱ፣ እጆቹን አፉ ዙሪያ አድርጎ።

«ምን?» ትላለች እሷ።

«ልጆቹ!»

«ደጆቹ? ደጆቹ ደህና ናቸው!»

እንዲህ ሲጯጯሁ ይውሉና ሁለቱም ድምፃቸው ተዘግቶ ወደየቤታቸው ይገባሉ።

ስለዚህ ወንድም ጋሼ ጎልማሳነቱን ሙሉ ድልድይ ሲለምን ኖረ። ጫማውን ወልውሎ፣ የክት ኮቱን ለብሶ፣ በእግሩ ወረዳ ይሄዳል። እዚያ ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። አለቃው ስብሰባ ላይ ነው ይሉታል፤ ይጠብቃል። አለቃው ወጥቷል ይሉታል፤ ይጠብቃል። አለቃው ተቀይሯል ይሉታል፤ ከአዲሱ ጋር ከሀ ይጀምራል። አንድም ቀን ተቆጥቶ አያውቅም። የወረዳው ሠራተኞች «አባ ድልድይ» የሚል ስም አወጡለት። መጀመሪያ ሊያሾፉበት ነበር፤ በኋላ ግን ስሙ ሆኖ ቀረ፤ መንደር ውስጥም በዚያው ይጠሩት ጀመር። እሱም አልጠላውም። እንዲያውም አንዳንዴ ደስ የሚለው ይመስለኛል።

ያን ቀን ግን ጸሐፊዋ ገና በበሩ ከመግባቱ ሳቀችበት።

«አባ ድልድይ፣ ከእንግዲህ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ያው እንደ ልማዴ ስለ ድልድዩ ነው፣ ልጄ።»

«አልሰሙም እንዴ? የመንደር ሥራ ወደ መንደር ወረደ እኮ። ገንዘቡም፣ ሥልጣኑም። ምክር ቤት ትመርጣላችሁ፣ ሕዝቡ ይሰበሰብና ይወስናል፣ አለቀ። እኛ አናዝም፤ አንከለክልም።»

«ታዲያ የማመለክተው ለማን ነው?»

«ለራስዎ ነዋ!»

ወንድም ጋሼ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ አንድ ነገር ላይ ተተክሎ ቀርቷል። «ቀልዷን ነው ብዬ ጠበቅኩ» አለኝ። «አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ኋላ ጥበቃው መጥቶ ‘አባባ፣ ምን ይጠብቃሉ?’ ሲለኝ ተነሥቼ መጣሁ።»

ቀልድ አልነበረም። መንደሩ ግን አላመነም። ከሁሉ በላይ ያላመነው የወፍጮ ቤቱ ጌታ ነው፤ ሀብታማችንም፣ ምላሰኛችንም እሱ ነው። «ገንዘብ ወደ ታች ሲወርድ ያየ አለ?» ይል ነበር፣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ። «ውሃ ነው እንዴ የሚወርደው?» ቢሆንም ምክር ቤቱ ተመረጠ፤ ለሊቀ መንበርነት ከወንድም ጋሼ ሌላ ሰው ያሰበ አልነበረም። እግዚአብሔር የሠራውን ሥራ እያደነቅኩ ያን ሰሞን ለብቻዬ ፈገግ እል ነበር። ለማኝ ሆኖ የኖረ ሰው ሰጪ ሆነ ብዬ።

የመጀመሪያው ጠቅላላ ጉባኤ በትምህርት ቤቱ ግቢ ተጠራ። አሠራሩን የምታስረዳ አንዲት ባለሙያ ከወረዳ መጣች፤ ኮስታራ፣ ግን ደግ ፊት ያላት ሴት ናት። ነገሩን አላንዛዛችውም። «ዘንድሮ የመጣው ገንዘብ ለአንድ ትልቅ ሥራ ይበቃል። ለሁለት አይበቃም። ሥራው ምን ይሁን? የምትወስኑት እናንተ ናችሁ» አለች።

ወንድም ጋሼ ተነሥቶ ድልድይ አለ። ጭብጨባው ግቢውን አናጋው።

«ሌላ ሐሳብስ?»

ከኋላ፣ ሴቶቹ ከተቀመጡበት፣ ቲማቲም ሻጯ አፏን በሻርፗ ሸፍና አንድ ነገር አጉረመረመች።

«ጮክ ብለሽ፣ እህቴ።»

«ገበያው ላይ . . . መጸዳጃ ቤት ብንሠራ።»

ወንዶቹ በሳቅ ፈረሱ። «ሥልጣን ወረደ ሲባል እዚህ ድረስ ወረደ እንዴ?» አለ የወፍጮ ቤቱ ጌታ። እኔም ስቄያለሁ። ባለሙያዋ ግን ሳትስቅ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ወጣቶቹ ደግሞ የመንገድ መብራት አሉ፤ እሱንም ጻፈች።

«እሺ፣ ድልድይ የምትፈልጉ እጃችሁን አውጡ።»

ግቢው ሁሉ እጅ ሆነ። ወንድም ጋሼ ዕንባው መጣ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ለሥርዓቱ ያህል ሌሎቹንም ልጠይቅ» አለች ባለሙያዋ። «መጸዳጃ ቤት የምትፈልጉ?»

አሁንም ግቢው ሁሉ እጅ ሆነ። ያው እጅ ነው፤ የወንድም ጋሼ እጅ እንኳ ወጥቷል።

ባለሙያዋ ጠመኔዋን እንደያዘች ቀረች። «የመንገድ መብራትስ?»

ሁሉም እጅ።

«ቆይ ቆይ . . . ሁሉንም ነው የምትፈልጉት? ለአንድ ብቻ ነው የሚበቃው ብያችኋለሁ እኮ። እጃችሁን ለምን ታወጣላችሁ?»

ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት በትሕትና መለሱላት። «አውጡ ስትይን ነዋ፣ ልጄ።»

እውነታቸውን ነው። እኛ በዕድሜያችን የምናውቀው ስብሰባ አንድ ዓይነት ነው፤ ከላይ ሰው ይመጣል፣ ይናገራል፣ እጅ አውጡ ይላል፣ እናወጣለን፣ ይሄዳል። እጁን ያላወጣ ሰው «ለምን?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ማን ይህን ይወዳል? በዚያ ላይ ወንድም ጋሼ ራሱ ሲመክረን ኖሯል፤ የወረዳ ሰው ፊት እንዳትለያዩብኝ፣ ከተለያየን ‘መጀመሪያ እናንተው ተስማሙ’ ብለው ጥለውን ይሄዳሉ እያለ። ስለዚህ መስማማትን ተክነንበታል። ለሦስት ነገር በአንድ ጊዜ መስማማት ችለናል።

ባለሙያዋ ጥቂት አሰበችና ጠመኔውን አስቀመጠች። «በሉ ሁላችሁም ተነሡ። በእጅ አይሆንም፣ በእግር ነው። ድልድይ የሚል በቀኝ በኩል መማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ሥር ይቁም። መጸዳጃ ቤት የሚል በግራ በኩል ውሃ ታንከሩ ጋ። መብራት የሚል መውጫው በር ጋ። እስቲ አንድ ሰው ሁለት ቦታ ሲቆም አያለሁ።»

ሳቅ ሆነ፤ ግን ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። እጅ ማውጣት ቀላል ነው፣ ከሌላው እጅ ጋር ይደባለቃል። መሄድ ግን ሌላ ነው፤ ጎረቤትህ እያየህ፣ አማትህ እያየችህ፣ ባዶ ሜዳ አቋርጠህ መሄድ። ወንድም ጋሼ ቀድሞ ወደ ቀኝ ሄደ። እኔ ተከተልኩ። ወንዶቹ ተግተልትለው መጡ፤ ልጁም ከማዶ ለጉባኤው ተሻግራ መጥታ ነበርና አባቷ አጠገብ ቆመች። ሁለት ወጣቶች ወደ በሩ ሄደው ለብቻቸው መሆናቸውን ሲያዩ ቀስ ብለው ወደኛ ተመለሱ።

ወንድም ጋሼ በስተግራው ክፍት ቦታ ትቶ ነበር። ለእትዬ ነው። እትዬ የምላት ሚስቱን ነው፤ ገበያ ላይ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ቁጥብ ናት፤ ስብሰባ ላይ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ከሴቶቹ መሀል ተነሣች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ወደኛ መጣች። ወንድም ጋሼ ትንሽ ጠጋ አለላት። እሷ ግን በፊታችን አለፈች።

የተሳሳተች መሰለኝ። «እትዬ፣ ድልድዩ በዚህ በኩል ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። ሄደች። ታንከሩ ሥር ብቻዋን ቆመች።

ወንድም ጋሼን ቀና ብዬ ለማየት ድፍረቱን አጣሁ። እጁ ግን ይታየኛል፤ ለሚስቱ በተወው ባዶ ቦታ ላይ ተዘርግቶ ቀርቷል።

ከዚያ ቲማቲም ሻጯ ተነሣች። ቀጥሎ ዳቦ ሻጯ። ከዚያ ሁለት፣ ሦስት ሆነው፣ ከዚያ እንደ ጎርፍ። የወፍጮ ቤቱ ጌታ ሚስት ሳትቀር ተነሥታ መንገድ ጀመረች።

«አንቺ! ወዴት ነው?» ብሎ አንባረቀ ባልዋ።

«ሽንት ቤት» አለችው፣ ዞራ ሳታየው።

ባለሙያዋ እንኳ አፏን በእጇ ያዘች። ገበያው ላይ ጫማ የሚጠግነው ሰውዬም ከመሀላችን ወጥቶ፣ «እኔም እዚያው ነው የምውለው፣ አውቀዋለሁ» እያለ ተሻገረ። ቆጠራ አላስፈለገም። ታንከሩ ሥር ቦታ ጠቦ ነበር፤ እኛ ጋ ግድግዳው ይታያል። የወንድም ጋሼ ልጅ ብቻ ከሴቶቹ እኛ ጋ ቀርታ እናቷን ትኩር ብላ ታያለች።

«ሊቀ መንበር፣ ውጤቱን ያውጁ» አለች ባለሙያዋ።

ወንድም ጋሼ «ሌላ ቀን» ብሎ ከግቢው ወጣ። ደንቡ ሳምንት ሳይሞላ አውጁ ስለሚል ባለሙያዋ አልተቃወመችም፤ ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች።

በማግስቱ ማለዳ የወፍጮ ቤቱ ጌታ ሱቃችን መጣ። እኔ መላጊያ ይዤ ጣውላ እልጋለሁ፤ ወንድም ጋሼ አንድ መስኮት ፊት ቆሞ ምንም አይሠራም።

«ስማ አባ ድልድይ» አለ፣ ዱቄት የለበሰ ክንዱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ። «ደንቡን አስነብቤ ሰምቻለሁ። ሊቀ መንበሩ ስብሰባው አልተሟላም ካለ እንደገና መጥራት ይችላል። የማዶ ሰዎች ብዙዎቹ አልመጡም፤ ስለዚህ አልተሟላም። ጥራው። የገበያ ቀን ጠዋት ጥራው።»

«የገበያ ቀንማ ሴቶቹ . . .»

«ገበያ ናቸዋ! አንተን ማን ያዘህ? ሽንኩርታቸውን ጥለው ይመጡ እንደሆነ እናያለን።»

ወንድም ጋሼ እምቢ ይላል ብዬ ጠበቅኩ። መላጊያዬን አቁሜ ጠበቅኩ። አላለም። እሺም አላለም፤ ግን እምቢ አላለም። ደነገጥኩ። በሥራው አንዲት ጠማማ ሚስማር የማያልፍ ሰው ነው። ሰውየው ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጥሮ እጁን እያፋተገ ወጣ።

እሱ እንደሄደ ወንድም ጋሼ ስልኩን አውጥቶ ለባለሙያዋ ደወለ። «እናንተው ወስኑልን» ሲላት ሰማሁ። «ዱሮም እናንተ ነበራችሁ። ብትከለክሉንም እንቀበላለን።» የመለሰችለት ጮክ ብሎ ይሰማኝ ነበር። «አባቴ፣ እኔ ምን አገባኝ? ሥልጣኑ ከእኛ ወጥቷል። እናንተው ጋ ነው ያለው። ያወጁትን እንቀበላለን፤ ምንም ይሁን ምን።»

ስልኩን ኪሱ ከተተና እንደ ጠፋበት ሰው ዙሪያውን አየ። የሚለምነው የለም፤ የሚያማርረውም የለም። ክፉም ቢሠራ የሚያመካኝበት አለቃ የለም። ዕድሜውን ሙሉ ሲመኘው የነበረ ነገር እጁ ገባ።

ያን ቀን ምሳ እነሱ ቤት በላሁ። እትዬ እንደ ወትሮዋ አቀረበች፣ እንደ ወትሮዋ «ብላ እንጂ፣ ምን ያሳፍርሃል?» አለችኝ። ባልና ሚስቱ ግን ከጉባኤው ወዲህ አልተነጋገሩም። ግማሽ ላይ ስንደርስ ወንድም ጋሼ ፈነዳ።

«ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር አንድ ቀን ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ምኑን?»

«ይሄን . . . የገበያውን ነገር!»

«ምን ብዬ ልንገርህ? ‘አባቱ፣ ዛሬ ሽንቴ መጥቶብኝ ነበር’ ልበልህ?»

ምግቡ ትን አለኝ። እሷ ውሃ ቀድታ ሰጠችኝና ንግግሯን ቀጠለች።

«የገበያ ቀን ጠዋት ስወጣ ውሃ ቀምሼ አልወጣም። ሻይም አልጠጣም። ፀሐዩ ላይ ተቀምጬ እውላለሁ፣ ምላሴ ደርቆ ላንቃዬ ላይ ይጣበቃል፣ አልጠጣም። ወንዱማ ምን ቸገረው፣ ግንብ ካየ ይቆማል። እኛ ዱሮ ከመጋዘኑ ጀርባ ሁለት ሁለት ሆነን እንሄድ ነበር፤ አንዷ ጨርቅ ትይዛለች። አሁን እዚያ ሱቅ ተሠራ። ቲማቲም ሻጯ እርጉዝ ሆና ስንቴ እያለቀሰች ቤቷ ሮጣ እንደተመለሰች ታውቃለህ? ቲማቲሙን ማን ይጠብቃል? እኔ እጠብቃለሁ። እኔ ስሄድ ማን ይጠብቃል?»

«አንቺ እኮ የምትዪኝ ወገቤን ነው።»

«ወገቤን ነዋ! ኩላሊት የት ያለ መስሎህ ነው? ነርሷ ኩላሊትሽ ታሟል፣ ውሃ ጠጪ ብላኛለች። ‘ለምን አትጠጪም?’ ስትለኝ ‘ውሃ አልወድም’ አልኳት። ከዚህ የባሰ ውርደት አለ? ውሃ አልወድም ብሎ መዋሸት?»

ወንድም ጋሼ ወደ ማዶ፣ ወደ ወንዙ አቅጣጫ፣ በእጁ አመለከተ። «ልጅሽስ?»

ይህ ነካት። «ልጄን እወዳታለሁ። ድልድዩንም እወደዋለሁ። በስንት ብርድ ኮትህን ተኩሼ የሸኘሁህ እኔ አይደለሁም? ግን ወንዙ የሚሞላው በክረምት ነው። የእኔ በየሳምንቱ ነው የሚሞላው።»

ማናችንም አልሳቅንም። እሷም ለሳቅ አላለችውም። ወንድም ጋሼ እጁን ሳይታጠብ ወጣ፤ ተከተልኩት። አጥሩ ሥር ቆሞ አገኘሁት።

«ስንቴ ‘የመንደሩ ሕዝብ በአንድ ድምፅ’ እያልኩ አቤት አልኩ» አለኝ። «ከልቤ ነበር እኮ። አልዋሸሁም። ግማሹ ሕዝብ ግን እቤቴ ነበር፤ ምሳዬን እያቀረበልኝ። አንድ ቀን ምን ትፈልጊያለሽ ብዬ አልጠየቅኩትም።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ታውቅ ነበር? ውሃ እንደማትጠጣ?»

አላውቅም ነበር። የእኔዋም ሚስት ገበያ እንደምትውል ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

እስከ ገበያ ቀን ድረስ ምን እንደሚያደርግ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ለእግዚአብሔር ብቻ ነገርኩት፣ እባክህ ይህን ሰው አታዋርደው ብዬ። የወፍጮ ቤቱ ጌታ ግን አልተኛም። ቤት ለቤት እየዞረ ወንዶቹን ጠራ፤ ማዶም ሰው ላከ። የገበያ ቀን ጠዋት የትምህርት ቤቱ ግቢ ሞላ። ወንዙ ገና አልሞላምና የማዶ ሰዎችም ተሻግረዋል። ልጁም መጥታለች፤ ትንሿን ልጇን አዝላለች። ግድግዳው ሥር፣ የድልድይ ቦታ ላይ፣ ገና ሳይጠየቅ ሰው ተደርድሯል። ታንከሩ ሥር አንዲት ዶሮ ብቻ ትጭራለች።

ወንድም ጋሼ ኮቱን ለብሶ መጣ። ወደ ወረዳ የሚሄድበትን። ጭብጨባው ቀለጠ። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚቀረው፤ ያ ቃል ከአፉ ከወጣ ድልድዩ ይሠራል፣ ማንም ከላይ መጥቶ አይሽረውም። በልጁ ፊት፣ በልጅ ልጁ ፊት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቢለው ኖሮ አልፈርድበትም ነበር።

«ሰው ሁሉ ተሟልቷል?» አለ።

«ተሟልቷል!»

«ሚስቴስ የታለች?»

ሰው ሁሉ ታንከሩ ሥር ወደምትጭረው ዶሮ ዞረ።

«የአንተስ?» አለው የወፍጮ ቤቱን ጌታ። «የአንተስ፣ ታናሼ? የት ናቸው?» ወደ እኔ ዞሮ ነበር። «ያለፈው ስብሰባ ነው የተሟላው። ይሄኛው ነው ያልተሟላው። ያኔ ተለይቶ የታየው ይጸናል። ገበያው ላይ መጸዳጃ ቤት ይሠራል። አውጃለሁ፤ አውጄያለሁ።»

ቀጥሎ ግቢው ተናጋ። አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ይሳደባል። «የገዛ ድልድይህን!» ይላል አንዱ። «አብደሃል!» ይላል ሌላው። የወፍጮ ቤቱ ጌታ ፊቱ በርበሬ መስሎ ወደፊት ወጣ።

«አባ ድልድይ ነበርክ። ከዛሬ ጀምሮ አባ ሽንት ቤት ነህ!»

ሰው ሳቀ። ወንድም ጋሼም ስሙን እንደሚሞክረው ሰው ትንሽ አሰበበት። «እሺ» አለ። «ይሁና።»

ከሁሉ የከበደው ልጁ ነበረች። ሰው ሲበተን መጥታ ፊቱ ቆመች፤ ያዘለቻት ልጅ በትከሻዋ ላይ ብቅ ብላ ታያለች።

«አባዬ፣ ዘንድሮም ልንጯጯህ ነው?»

«ዘንድሮም ልንጯጯህ ነው፣ ልጄ።»

«እኔ እኮ ከአንተ ጋር ነው የቆምኩት።»

«አየሁሽ። እናትሽ ብቻዋን ስትቆም ደግሞ አየሁ።» የልጅ ልጁን ጉንጭ ነካ አደረገ። «ለከርሞ ጉባኤ ድልድዩን ደግሜ አቀርባለሁ። አሁን ግን ወረዳ አልሄድም። እናትሽን ነው የምለምነው። ቲማቲም ሻጯን ነው የምለምነው። አንቺም ለምኛቸው።»

ልጁ ተቆጥታ ነበር፣ መቆጣትም ይገባታል። ግን ወደ ወንዙ አልሄደችም፤ ወደ ገበያው መንገድ ታጠፈች፤ ወደ እናቷ። ምን ልትላት እንደሄደች አላወቅንም።

እኛም ሱቅ ገብተን ሜትር፣ መዶሻና ጥቂት ችካል ይዘን ተከተልናት። ገበያው በሰው ተጨናንቋል። ወሬው ቀድሞን ደርሷል መሰል፣ ሴቶቹ ሲያዩን መሸጡን ትተው ወደ እኛ ዞሩ። እትዬ ሽንኩርቷ መሀል ተቀምጣለች፤ የልጅ ልጇን ከእናቷ ጀርባ አውርዳ ጭኗ ላይ አድርጋለች። ልጇ አጠገቧ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። እናትና ልጅ የተባባሉትን ተባብለው ጨርሰዋል።

ወንድም ጋሼ ሽንኩርቱ ፊት ቆመ። ኮቱ ውስጥ ላቡ ይወርዳል።

«የት ይቆፈር?» አላት።

«ምን?»

«ሽንት ቤቱ። የት ይሁን?»

እትዬ ወደ ኋላዋ ዞረች፤ ሌላ ሰው የጠየቀ መስሏት። ከዚያ ተመለሰችና አየችው። ያን ቀን በጉባኤ መሀል ብቻዋን ስትቆም ያልደነገጠች ሴት አሁን ደነገጠች። ፊቷ ቀላ፣ እጇ የልጅቷን ፀጉር ይደባብሳል።

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ?»

«ታዲያ ማንን ልጠይቅ? እኔ ምን አውቄ?»

«እኔ . . . እኔ እንጃ . . . እናንተ ናችሁ እንጂ . . .»

«ንገሪው እንጂ!» ብላ ጮኸች ቲማቲም ሻጯ። «አፍሽን ምን ያዘው? ስንት ዓመት ስናወራው አልነበር?»

እትዬ ልጅቷን ለእናቷ ሰጥታ ተነሣች። ሽንኩርቱን ተራምዳ ወጣች። መጀመሪያ በፍርሃት፣ እግሯን እየጎተተች ነበር፤ ኋላ ግን እርምጃዋ ፈጠነ። እኛ ሜትራችንን ይዘን እንከተላለን። ወንድም ጋሼ በመጋዘኑ ማዕዘን ያለውን ባዶ ቦታ ሲያሳያት ቆም ብላ አየችውና ራሷን ነቀነቀች።

«እዚህ? ከወፍጮ ቤቱ በረንዳ ፊት ለፊት? ማን ገባች፣ ማን ወጣች እያሉ ሊቆጥሩን? አይሆንም።» እህል የሚመዘንበትን ሚዛን ቤት ዞረች። «እዚህ ነው። በሩ ወደ ሴቶቹ ተራ ይዙር። መቀርቀሪያው ደግሞ ከውስጥ ነው። ከውስጥ ስልህ ከውስጥ ነው፤ በሩን የምትሠራው አንተ ነህ፣ እንዳትረሳ።»

«አልረሳም።»

«በሩ ከሥር ክፍተት እንዳይኖረው።»

«አይኖረውም።»

ችካሉን ያዝኩለት፣ መታው። የመጀመሪያው ችካል መሬት ሲገባ ዙሪያችን በሴት ተከቦ ነበር። «አንድ በር ብቻ?» አለች ዳቦ ሻጯ። «አንድ በር ለዚህ ሁሉ ሰው? ሰልፉ እኮ እስከ ወንዙ ነው የሚደርሰው!» ቲማቲም ሻጯ ጠባብ ይሁንና ብዙ በር ይኑረው አለች። ሌላዋ ጠባብማ ሕፃን ይዛ ለምትገባ አይሆንም ብላ ተቆጣች። የወፍጮ ቤቱ ጌታ ሚስት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ጠየቀች፤ ማንም ስላልመለሰላት ድምፅዋን ጨመረች። ጫማ ጠጋኙ የወንዶችስ ብሎ ሲጀምር ሁሉም በአንድነት ዞረው ጮኹበትና ዝም አለ። የወንድም ጋሼ ልጅ ሳትቀር ልጇን እንዳቀፈች ከዳር ሆና፣ «ደረጃ አታድርጉበት፣ አሮጊቶች አሉ» አለች፣ እንደተኮሳተረች።

እኔ የሜትሩን አንድ ጫፍ ይዤ ተጎንብሻለሁ። የሌላውን ጫፍ ወንድም ጋሼ ይዟል። በላያችን ይጨቃጨቃሉ፤ ሁሉም ለየራሱ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ከላይ ማን ይሰማናል ሳይሉ። ተመስገን አልኩ በልቤ።

«ኧረ አንድ በአንድ ተናገሩ!» ብሎ ጮኸ ወንድም ጋሼ።

የሰማው የለም።